ከካቶሊክ ገዳማውያን ጋር የአንድ ዓመት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በውጭ አገር፦ የትኛው ቤት ለማን ይሆናል?

ከአንድ የካቶሊክ ገዳማዊ ማኅበር ጋር ለአንድ ዓመት በውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ለማገልገል የሚያስብ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን የሚጀምረው ከአገሩ ነው፤ ጀርመን ይሻላል ወይስ ጣልያን፣ ሕንድ ይከብድ ይሆን፣ አሜሪካስ ይገኛል ወይ ይላል። እዚህ የሚቀርበው ንጽጽር ግን አገሩን ወደ መጨረሻ ያዘገየዋል፤ የዓመቱን መልክ የሚወስነው ከከተማው ይልቅ የሚኖሩበት ቤት ነውና። ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ማዕድ ከማን ጋር እንደሚቀርቡ፣ ቀኑን ከልጆች ጋር ወይስ ሞት አፋፍ ላይ ካሉ ሕሙማን ጋር እንደሚያሳልፉ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ይል እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ የሚደነግገው የማኅበሩ ሥርዓት ነው። ቱሪን ያለ የዶን ቦስኮ ቤት መቀሌ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ በአንድ ከተማ የሚገኙ የዶን ቦስኮና የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ቤቶች ግን ጎረቤት ሆነውም አይመሳሰሉም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የእነዚህ ማኅበራት አባላት የድህነት፣ የንጽሕናና የመታዘዝ መሐላ የፈጸሙ ካህናት፣ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ግን መሐላ አይፈጽምም፣ ልብስ አይለውጥም፣ ዓመቱ ሲያልቅም ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። ልጃቸው «ከሲስተሮች ጋር ልኖር ነው» ስትላቸው መነኮሰች ብለው የሚደነግጡ ወላጆች ጥቂት ስላልሆኑ ይህን ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይጠቅማል። የገዳማዊ ሕይወት ጥሪ እንዳለው የሚጠረጥር ሰው በበኩሉ ጉዳዩን ለማጣራት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራምን መሸፈኛ ባያደርግ ይሻላል። ማኅበራቱ ለጥሪ የተለየ መንገድ አላቸው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ቤቱም ሰውየውም ይቸገራሉ።

የዶን ቦስኮ ቤቶች

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በ1859 ቱሪን ላይ የመሠረተው የሳሌዥያን ማኅበር ዛሬ ከ130 በሚበልጡ አገሮች ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1975 መቀሌ ላይ ጀምሮ በኋላ ዓድዋን፣ ዝዋይን፣ ዲላን፣ ጋምቤላንና አዲስ አበባን ጨምሮ ወደ ሌሎች ቦታዎች ስለተስፋፋ ብዙ አንባቢ ቤቱን በሰፈሩ ያውቀዋል፤ የሙያ ትምህርት ቤቱን፣ ሜዳውን፣ ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት እየተጋፉ የሚገቡትን ልጆች። ይህ የልጆች ግቢ ኦራቶሪዮ ይባላል፤ የዓመቱ ልብም እሱ ነው።

በጎ ፈቃደኛው ጠዋት በትምህርት ቤቱ ወይም በወርክሾፑ ያግዛል። ከሰዓት በኋላ ግን ዋናው ሥራው ሜዳው ላይ መገኘት ነው፤ ዶን ቦስኮ ባወረሰው ዘዴ አሳዳጊው ከልጆቹ መካከል ይውላል እንጂ ከዳር ቆሞ አይቆጣጠርም። ኳስ የሚያቀብል፣ የቤት ሥራ የሚያይ፣ የተጣሉትን የሚገላግል ሰው ይፈለጋል፤ ለዚህም ዲግሪ አያስፈልግም። ቀኑ ሲያበቃ «መልካም ሌሊት» የሚባል የጥቂት ደቂቃ ንግግር ይደረጋል። ልማዱ ከዶን ቦስኮ እናት ከማርጋሪታ የተወረሰ ነው፤ በአንዳንድ ቤቶች ተራው ለበጎ ፈቃደኛውም ይደርሳል። ገና እየተማሩት ባለ ቋንቋ በልጆች ፊት ቆሞ ሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር፣ እነሱም እየሳቁ ሲያርሙ መስማት፣ ከብዙ የቋንቋ ኮርስ ይበልጣል።

በዚህ መንገድ በጎ ፈቃደኞችን ከሚልኩት መካከል በጀርመን ቦንና ቤኔዲክትቦየርን የሚገኘው ዶን ቦስኮ ቮለንቲርስ፣ በአሜሪካ የሳሌዥያን ምእመናን ልኡካን ፕሮግራም፣ በሳሌዥያን እኅቶች በኩል ደግሞ በ1987 የተቋቋመው ቪዴስ ይገኙበታል። እነዚህ ከመላካቸው በፊት ያሠለጥናሉ፤ በመሐልም ይከታተላሉ። በእኔ አስተያየት ከቤት ወጥቶ ለማያውቅ የሃያ ወይም የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ከሁሉም አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ይህ ነው፤ የተለየ ሙያ የሌለው ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ነገር አያጣም፣ ብቸኝነትም ጊዜ አያገኝም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዋና የሥራ ቀናት ናቸው፣ ጫጫታው አያቋርጥም፣ የራስ የሚባል ሰዓት ጥቂት ነው። ከሰው ጋር ውሎ ማታ ለብቻው ካልተቀመጠ የማያርፍ ሰው በሦስተኛው ወር ይዝላል።

የማዘር ቴሬዛ እኅቶች

ብዙዎች ስለ በጎ ፈቃድ ሲያስቡ ቀድሞ የሚመጣላቸው ኮልካታ ነው። ማዘር ቴሬዛ ማኅበሩን በ1950 መሠረተች፤ በቃሊጋት የሚገኘውን፣ የሚሞቱ ድኾች የሚጠለሉበትን ኒርማል ሕሪዳይን በ1952 ከፈተች። አገልግሎቱ የሚጀምረው በእናት ቤቱ በሚደረገው የማለዳ ቅዳሴ ነው። ወደ ቅዳሴው የመጣውም ያልመጣውም በጎ ፈቃደኛ ከዚያ በኋላ ተሰብስቦ ዳቦ፣ ሙዝና የወተት ሻይ ይቀምስና ወደየቤቱ ይበተናል። ሥራው ብርድ ልብስና ልብስ በእጅ ማጠብና መጭመቅ፣ ሕሙማንን ማጠብ፣ ማብላት፣ ጢም መላጨት፣ ሰሌን ላይ ወይም አልጋ ላይ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። መድኃኒትና ቁስል የሚነካው ሙያው ያለው ሰው ነው። ሐሙስ ዕረፍት ነው።

ከሌሎቹ የሚለየው ዋና ነገር ይህ ነው፦ እኅቶቹ በጎ ፈቃደኛውን ይቀበላሉ እንጂ አያኖሩትም። ማደሪያውን ራሱ ይከራያል፣ የሚበላውን ራሱ ይችላል፣ መድኑን ራሱ ይገዛል፤ የኪስ ገንዘብ የለም፣ እንደ ሌሎቹ የዓመት ውልም የለም። ይህ ነጻነት ነው፤ የማይችል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ማንንም ሳያስቀይም ይሄዳል። በሌላ ወገን ብዙው ሰው ለአጭር ጊዜ ስለሚመጣ ሕሙማኑ ዘወትር አዲስ ፊት ያያሉ፤ በጎ ፈቃደኛውም ካፈራቸው ጓደኞች ጋር ቶሎ ቶሎ ይሰነባበታል። በቱሪስት ቪዛ ዓመት ሙሉ ሕንድ መቀመጥም ስለማይቻል፣ ኮልካታን የአንድ ዓመት ዕቅድ አድርጎ የሚነሣ ሰው የቪዛውን ጥያቄ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት መፍታት ይኖርበታል። እኔ ይህን ቤት ለአንድ ወይም ለሁለት ወር እመርጠዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ ካልሆነ የሚል ሰው ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢሆን ጥሩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ከአውሮፕላን በፊት ታክሲ አለ። እኅቶቹ በ1973 አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የስድስት ኪሎውን ቤት የማያውቅ የለም። ከእነሱ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ሁለት ሳምንት እዚያ ማገልገል፣ ሽታውንና ድካሙን የሚችሉት መሆን አለመሆኑን ያለ ብዙ ወጪ ያሳያል።

የኢየሱሳውያን መንገድ

በአሜሪካ የኢየሱሳውያን (ጄስዊት የሚባሉት ማኅበር) በጎ ፈቃደኞች ጓድ ታሪክ የሚጀምረው በ1956 በአላስካ በምትገኘው በኮፐር ቫሊ ነው። አራት ነገሮችን መሠረቱ ያደርጋል፦ የጋራ ኑሮ፣ ቀለል ያለ ኑሮ፣ ማኅበራዊ ፍትሕና መንፈሳዊነት። ስሙ ከሚያሳስበው በተቃራኒ ከካህናቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር የለም። በጎ ፈቃደኞቹ ለብቻቸው ቤት ተሰጥቷቸው በጋራ ይኖራሉ፣ ቀን ቀን ግን እያንዳንዱ ወደ ተመደበበት ድርጅት ሄዶ ይሠራል፤ አንዱ ቤት የሌላቸው ሰዎች መጠለያ፣ ሌላው ነጻ የሕግ ምክር ቢሮ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ወይም የስደተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት። በሳምንት አንድ ምሽት ለጸሎት፣ አንድ ምሽት ለቤቱ ሰዎች ይያዛል፤ በዓመቱ ውስጥም ሱባኤዎች አሉ።

የቀለል ያለ ኑሮ ትርጉም የሚገባው ፍሪጁ ፊት ነው። የምግቡ ገንዘብ አነስተኛና የጋራ ስለሆነ፣ አንዱ ሥጋ አልበላም ሲል ሌላው ቡና ካልገዛን ሲል፣ በጀቱ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሥራው የበለጠ ሲያደክም ይታያል። ጓዱ ከአሜሪካ ውጭ ሲልክ የቆየው ለሁለት ዓመት ስለሆነ፣ አንድ ዓመት ብቻ ያለው ሰው በአሜሪካ ውስጥ ያሉትን ምደባዎች ቢመለከት ይሻላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ አሜሪካ ያደገና አማርኛ የሚናገር ወጣት ስደተኞች በሚስተናገዱበት ቦታ ቋንቋው ራሱ ትልቅ ድርሻ ይሆንለታል። ከጀርመን የሚነሣ ሰው ደግሞ የኢየሱሳውያኑን ሌላ ፕሮግራም ማየት ይችላል፤ እሱ በወጣትነት ዕድሜ የታጠረ ስላልሆነ ጡረታ የወጡም ይሄዱበታል።

ጸጥታን ለሚፈልግ

የቤኔዲክቶስ ልጆች በስድስተኛው መቶ ዘመን በተጻፈ ሥርዓት ይኖራሉ። ሥርዓቱ እንግዳን እንደ ክርስቶስ ተቀበሉ ይላል፤ ስለዚህ በጎ ፈቃደኛን ለረጅም ጊዜ የሚያስተናግዱ ገዳማት አሉ፤ ሥራውም የእንግዳ ማረፊያ፣ የአትክልት ቦታ፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም የገዳሙ ትምህርት ቤት ነው። ቀኑ በጸሎተ ሰዓታት ተቆራርጦ ያልፋል። በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በ2003 የጀመረው የበጎ ፈቃደኞች ጓድ በዓለም ዙሪያ ወዳሉ ገዳማት ይልካል፤ ነገር ግን የሚቀበለው የራሱን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ነው። ሌላው ሰው በቀጥታ ለገዳሙ ይጽፋል። በፈረንሳይ ቡርጎኝ የሚገኘው ቴዜ ከዚህ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ወንድም ሮጀር በ1940 የጀመረው ይህ ማኅበር ካቶሊኮችም ፕሮቴስታንቶችም ያሉበት እንጂ የካቶሊክ ገዳም አይደለም፤ በአውሮፓ በጋ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ስለሚጎርፉበትም ጸጥታው የአውሮፓ ክረምት ጸጥታ ነው።

ኦርቶዶክስ የሆነ በጎ ፈቃደኛ

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያን እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩን በዝርዝር ማየት ይገባል። አብዛኞቹ ማኅበራት ካቶሊክ ያልሆነን ክርስቲያን አይከለክሉም፤ ከኢየሱሳውያኑ ጓድና ከአውሮፓ የመንግሥት ፕሮግራሞች ጋር በተያያዙት ቤቶች ደግሞ ሃይማኖቱን እንደ መሥፈርት አለማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ትቀበላላችሁ ወይ» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ የሚጠቅመው «በቅዳሴው ላይ መገኘት ግዴታ ነው ወይስ ግብዣ» የሚለው ነው፤ መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል።

ቁርባንን በተመለከተ፣ የካቶሊክ ቀኖና ቁጥር 844 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ ደግ ካህን ሊጋብዝ ይችላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ልጆቿ ከሌላ እንዲቆርቡ አትፈቅድም። በቦታው ከመደናገር ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት ለቤቱ አለቃ በትሕትና መናገር፣ በቅዳሴውም ጊዜ በመቀመጫ መቆየት ማንንም አያስከፋም።

ጾሙ ከዚህ ይከብዳል። በላቲን ሥርዓት የጾም ግዴታ ያለባቸው ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው፣ የአመድ ረቡዕና ስቅለት፤ አርብ አርብ ደግሞ ከሥጋ መከልከል አለ። ወጥ ቤቱ በዐቢይ ጾም እንቁላልና አይብ ያቀርባል ማለት ነው። የቤቱ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ፣ ጾመ ነቢያት ገና ሳይፈታ ይውላል፤ በዓመቱ ትልቁ ገበታ ሲዘረጋ ኦርቶዶክሱ በጾም ላይ ነው፤ የእሱ ገና ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ወደ መደበኛ ሥራው ተመልሷል። ለዚያ ቀን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ሽሮና በርበሬ በሻንጣ መያዝ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ለሁሉም የጾም ወጥ መሥራት ነገሩን ያቀለዋል። ባለፉበት ሰዎች ዘንድ ሽሮው የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እራት ሲሆን ተሰምቷል።

ስሙ ያለ፣ ሰዎቹ የሌሉበት ቤት

አውሮፓ ውስጥ በአንድ የእኅቶች ማኅበር ስም የሚጠሩ ብዙ ሆስፒታሎች፣ የአረጋውያን መኖሪያዎችና ትምህርት ቤቶች አሉ። የአባላቱ ቁጥር ስለቀነሰና ዕድሜያቸው ስለገፋ በብዙዎቹ ሥራው ሙሉ በሙሉ በተቀጣሪዎች እጅ ነው፤ የቀሩት ጥቂት እኅቶች ራሳቸው ተጧሪ ሆነው በሌላ ሕንጻ ይኖራሉ። እዚያ ማገልገል ክፋት የለውም፤ ከገዳማውያን ጋር መኖርን ፈልጎ የሄደ ሰው ግን በተከራየው ክፍል ብቻውን ፓስታ ሲቀቅል ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት በኢሜይል የሚቀርቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በቤቱ ውስጥ ስንት የማኅበሩ አባላት ይኖራሉ? በጎ ፈቃደኛው ከእነሱ ጋር ይበላል? የሚያድረው የት ነው? የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ስንት ነው፣ ዕረፍቱስ? ከቤቱ ውጭ የሚከታተለው ሰው ማን ነው? ባለፈው ዓመት ካገለገሉት ከአንዱ ጋር መነጋገር ይቻላል? የመጨረሻውን ጥያቄ የሚሸሽ ቤት ካለ እኔ ወደ ሌላው አልፋለሁ።

ስለ ደኅንነት አጠባበቅም በግልጽ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚኖሩበት ላርሽ፣ ምንም እንኳ ገዳማዊ ማኅበር ባይሆን፣ ከእነዚህ ቤቶች ጋር ሲነጻጸር የኖረ ነው፤ ዣን ቫኒዬ በ1964 ትሮሊ በተባለች የፈረንሳይ መንደር ጀመረው። ድርጅቱ ራሱ ያስጠናው ምርመራ በ2020 መሥራቹ ሴቶችን በወሲብ ይበድል እንደነበር አረጋገጠ፤ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ሪፖርት ደግሞ የተበደሉት ሴቶች ቁጥር ቢያንስ 25 መሆኑን ገለጸ። የላርሽ ቤቶች ዛሬም መልካም ሥራ ይሠራሉ። የመሥራች ዝና ግን ለማንም ዋስትና አይሆንም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ በ2019 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ጥቆማ የሚቀበልበት ሥርዓት እንዲኖረው ታዟል፤ በጎ ፈቃደኛው ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ በጽሑፍ ማወቅ አለበት። ከልጆች ጋር የሚሠራ ቤት ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ካልጠየቀም ጥሩ ምልክት አይደለም።

ገንዘብ፣ መድንና ቪዛ

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ሥርዓቱ ከሁሉ የጠራው የጀርመኑ ይመስለኛል። ከ2011 ጀምሮ ያለው የፌደራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በጎ ፈቃደኛውን በመደበኛው የጤና መድን ውስጥ ያስገባዋል፣ የኪስ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ከ27 ዓመት በታች ለሆነውም በዓመት 25 የሥልጠና ቀናት አሉት። ከ2008 ጀምሮ የጀርመን ወጣቶችን ወደ ውጭ የሚልከው ቬልትቬርትስም በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉራት ወደ ጀርመን፣ መቀበል ጀምሯል። በዚህ በኩል የሚሄድ ሰው የሚመረጠው እዚህ ባለው አጋር ድርጅት አማካይነት ስለሆነ ጥያቄው የሚጀምረው ከአገር ውስጥ ቤት ነው። መሠረታዊ ጀርመንኛ ሳይዙ መሞከር ግን ጊዜ ማባከን ነው።

በእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ቪዛ አለ፤ ከ12 ወር አይበልጥም፣ ሥራውም ክፍያ የሌለው መሆን አለበት፣ ተቀባዩ ድርጅትም ስፖንሰር የማድረግ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከቪዛው ክፍያ ሌላ በዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ ስላለ ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው። ጣልያን የሚኖሩና ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ የውጭ ዜጎች በአገሪቱ የሲቪል በጎ ፈቃድ አገልግሎት መመዝገብ ይችላሉ፤ የሳሌዥያን ቤቶችም የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅቱ ካሪታስም ቦታ ያወጡበታል። በአውሮፓ ኅብረት የሚኖሩ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ደግሞ ጉዞውን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና መድኑን የሚሸፍነውን የአውሮፓ የአብሮነት ጓድ ማየት አለባቸው። አሜሪካ ለሃይማኖት ሠራተኞች የምትሰጠው አር-1 ቪዛ ግን ቢያንስ የሁለት ዓመት የዚያው እምነት አባልነት ስለሚጠይቅ ኦርቶዶክስ ሆኖ በካቶሊክ ቤት ለማገልገል የሚያስብን ሰው አይረዳውም።

«የቸርች ቪዛ አለኝ» የሚል ደላላ በመሐል ከገባ ጉዳዩ እዚያው ላይ ይቁም። እውነተኛ ማኅበር የመመልመያ ክፍያ በደላላ እጅ አይቀበልም፤ የግብዣ ደብዳቤው ከቤቱ በቀጥታ ይመጣል፣ በአገር ውስጥ ባሉ አባላቱ ወይም በሀገረ ስብከቱ በኩልም ሊጣራ ይችላል።

ጊዜው

በጀርመን አገልግሎቱ በብዛት የሚጀምረው በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው፤ የኢየሱሳውያኑ የአሜሪካ ዓመትም በኦገስት ይጀምራል። ስለዚህ ማመልከቻው ካለፈው መስከረም ወይም ጥቅምት ጀምሮ መንቀሳቀስ አለበት። ካቶሊክ የሆነ አመልካች ከቁምስናው ደብዳቤና የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ ሌላውም ከሚያውቀው ካህን ወይም ከአሠሪው የድጋፍ ደብዳቤ ያዘጋጃል። የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃና ከወንጀል ነጻ ማስረጃ ተተርጉመውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠው ሲያልቁ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፤ የኤምባሲው ቀጠሮ ደግሞ ከዚያ በላይ። ከቤቱ ጋር የሚፈረመው ስምምነት የሥራውን ዓይነት፣ የመመለሻ ቲኬቱን ከፋይና ከታመሙ የሚሆነውን መጻፍ አለበት፤ አንድ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ሥራ መልቀቅና የኪራይ ቤት ማስረከብ ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ይሁን።